ምክር ከማይቀበል የስኳድ ጓደኛ ጋር ፐብጂ ለመጫወት የሚረዳ መመሪያ

ኤራንጌል በሚባለው የፐብጂ ካርታ ላይ፣ ፖቺንኪ ከተማ ውስጥ ነበርን። ዞኑ፣ ማለትም እየጠበበ የሚሄደውና ከውጩ የቀረን ሰው የሚጎዳው ክብ፣ መዝጋት ጀምሯል፤ መኪናውን አስነሥተን ልንወጣ ስንል ከአራታችን አንዱ «ኤይት ኤክስ ያለበት ሳጥን ትቼ አልሄድም» ብሎ ወረደና ወደ ኋላ ሮጠ፤ ኤይት ኤክስ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ የመሣሪያ መነጽር ሲሆን፣ ሳጥኑ የሞተ ተጫዋች ዕቃ የሚቀርበት ነው። ተው ብንለውም አልሰማም። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከፎቅ ላይ ተተኩሶበት ወደቀ፤ የወደቀ ሰው ወዲያው አይሞትም፣ ጓደኛ ካላነሣው ግን ይሞታል። አንደኛው ጓደኛችን ሊያነሣው ሄዶ ወደቀ፤ ሌላው በጭስ ቦምብ ሸፍኖ ሁለቱን ሊያወጣ ሲሞክር እርሱም እዚያው ቀረ፤ እኔም ብቻዬን መኪናውን ነድቼ ብዙም ሳልርቅ ተገደልኩ። ወደ ሎቢ፣ ማለትም ቀጣዩ ጨዋታ ወደሚጠበቅበት ገጽ፣ ስንመለስ ጓደኛችን መጀመሪያ የተናገረው ነገር «ሽፋን አልሰጣችሁኝም» የሚል ነበር።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ጓደኛ ላላቸውና በጨዋታ ምክንያት ሊያጡት ለማይፈልጉ ሰዎች ነው። ፐብጂ ሞባይል እስከ መጨረሻ በሕይወት የቆየው የሚያሸንፍበት የስልክ የተኩስ ጨዋታ ነው፤ በአንድ ክላሲክ (መደበኛ) ጨዋታ እስከ 100 ሰው በፓራሹት ይወርዳል፤ አንድ ስኳድ፣ ማለትም አንድ ቡድን፣ ግን 4 ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲደክም ቡድኑ የሚያጣው የአንድ ሰው ጉልበት ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ እርሱን ሊያነሣ የሚሄደው፣ የሚያነሣውን የሚጠብቀውና የጠፋውን ሊፈልግ የሚመለሰው ሰው ሁሉ አብሮ ይቆጠራል። በእኛ ቡድን ውስጥ ጠብ የፈጠረው የጓደኛችን አነጣጥሮ አለመምታት ሆኖ አያውቅም፤ ሌሎቻችንን ይዞን መሞቱ ነው።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። መጫወት አለመቻልና ምክር አለመቀበል አንድ አይደሉም። ደካማ ሆኖ የሚሰማ ሰው በሁለት በሦስት ሳምንት ይሻሻላል፤ የማይሰማ ሆኖ ጎበዝ የሆነውን ደግሞ ሁሉም ይታገሠዋል፣ አንዳንዴም ያደንቀዋል። አስቸጋሪው ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች የሚመለከቱትም ይህንኑ ሰው ነው።

መጀመሪያ ስልኩንና ኔትወርኩን ማጣራት

አንድን ሰው አይችልም ከማለታችሁ በፊት የሚጫወትበትን ዕቃ እዩ። በጨዋታው ስክሪን ጠርዝ ላይ በሚሊ ሰከንድ የሚታየው ቁጥር፣ ማለትም ፒንግ፣ መልእክት ከስልኩ ተነሥቶ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ ያሳያል። ቁጥሩ 60 የሆነለት ሰውና 250 የሆነበት ሰው በአንድ በር ላይ ፊት ለፊት ቢገናኙ፣ ሁለተኛው የሚያየው ጠላቱ ያለበትን ቦታ ሳይሆን ከአፍታ በፊት የነበረበትን ቦታ ነው። ተኩሶ ሲስት እናንተ የምታዩት መሳቱን ብቻ ነው።

የአጎቴ ልጅ ቨርጂኒያ ይኖራል። ለእኛ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ለእርሱ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ነውና፣ በምሳ ዕረፍቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በሞባይል ዳታ አብሮን ይጫወት ነበር። እኛ የምንጠቀመው የመካከለኛው ምሥራቅን ሰርቨር ስለነበር የእርሱ ፒንግ ከ200 በታች ወርዶለት አያውቅም። ለወራት ያህል «አሜሪካ ሄዶ ጣቱ ደነዘዘ» እያልን ቀለድንበት፤ ስለ አተኳኮስም ብዙ ምክር ሰጠነው፤ እርሱም ምክራችንን እየሰማ ምንም ለውጥ ሲያጣ ጊዜ መስማቱን ተወ። አንድ ቅዳሜ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሰርቨር ተዛውረን አብረነው ስንገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በር በከፈትን ቁጥር የምንሞተው እኛ ሆንን፣ እርሱ ግን እስከ መጨረሻዎቹ አሥር ሰዎች ድረስ ብቻውን ቆየ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ አተኳኮስ አንድም ቃል ተናግሬ አላውቅም።

ስልኩም እንዲሁ ነው። ሜሞሪው ያነሰ ስልክ የያዘ ሰው በፓራሹት ሲወርድ ሕንፃዎቹ ገና ተሥለው ስለማያልቁለት፣ ሌሎቻችሁ ሁለተኛ መሣሪያ ስታነሡ እርሱ ግድግዳ የሌለው ቤት እያየ ይንከራተታል። ስልክ ሲግል ደግሞ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ጨዋታ ደህና የነበረ ሰው በሦስተኛው ላይ ቢንቀረፈፍ አያስገርምም። እንዲህ ላለው ሰው ግራፊክሱን ስሙዝ ወደሚባለው ቀላል ደረጃ አውርዶ ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት) ስልኩ እስከቻለው ድረስ ከፍ ማድረግ፣ ወፍራም ከቨሩን ማውለቅና ቻርጅ እያደረገ እንዳይጫወት መንገር ከማንኛውም የአተኳኮስ ምክር በላይ ይጠቅመዋል።

ይህን ስትጠይቁ ግን የምርመራ መልክ አትስጡት። «ስልክህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ድሃ ነህ?» ተብሎ ይሰማል። የራሳችሁን ሴቲንግ ስክሪንሾት አንሥታችሁ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለሁሉም አስቀምጡና ሌሎቹም የየራሳቸውን እንዲያስቀምጡ ጠይቁ፤ የሚፈለገው መረጃ ማንም ሳይሸማቀቅ ይገኛል።

ከስሜት ይልቅ መዝገብ

ሰው የሚያስታውሰው ያናደደውን ጨዋታ ነው። ስለዚህ ለአሥር ጨዋታ ያህል አንድ ቀላል ነገር በስልካችሁ ኖት ላይ መዝግቡ፦ መጀመሪያ የወደቀው ማን ነው፤ ሲወድቅ ከቡድኑ ምን ያህል ርቆ ነበር፤ ሌላ ሰው ይዞ ሞቷል ወይስ ብቻውን ነው። ከጨዋታው በኋላ በሚወጣው የውጤት ገጽ ላይ ሁሉም ሰው የሚያየው የገደለውን ሰው ብዛት ነው፤ እናንተ ግን ያደረሰውን ጉዳትና በሕይወት የቆየበትን ጊዜም እዩ። ማንንም ሳይገድል ብዙ ጉዳት ያደረሰ ሰው ሌሎቻችሁ የምትጨርሷቸውን ጠላቶች ሲያቆስል የዋለ ነውና ደካማ ሊባል አይገባውም።

እኔ ይህን መዝገብ የጀመርኩት የባለ ኤይት ኤክሱን ጓደኛችንን ጥፋት በማስረጃ ለማሳየት እንደሆነ አልደብቅም። ከአሥሩ ጨዋታ በአምስቱ መጀመሪያ የወደቀው በእርግጥ እርሱ ነበር። በሦስቱ ግን እኔ ነበርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተለይቼ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስናይፐር ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የሞትኩት፤ ማንም ግን ምንም ብሎኝ አያውቅም፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የምናገረው እኔ ነበርኩ። መዝገቡን ለማንም ሳላሳይ ለአንድ ሳምንት ዝም አልኩ።

የሚነገርበትን ጊዜ መምረጥ

በእኔ ግምት ምክር ከሚገፉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚገፉት ምክሩን ሳይሆን የተነገረበትን ሰዓት ነው። አንድ ሰው ወድቆ በጉልበቱ እየዳኸ ሳለ «ነግሬህ ነበር» ማለት ምክር አይባልም። በዚያ ሰዓት ከእርሱ የምትፈልጉት የተኳሹን ቦታ ነው፤ እርሱም ከእናንተ የሚፈልገው ትመጡ ወይም አትመጡ እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ በዚህ ጨዋታ ላይ ወሬ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ጠላት ደረጃ ሲወጣ የሚሰማው የእግር ኮቴ ድምፅ በማይክ በሚገባ ጭቅጭቅ ይሸፈናልና፣ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሦስተኛው ከኋላው ይመታል።

ከዚህ የባሰው ከሞቱ በኋላ አሠልጣኝ መሆን ነው። የሞተ ተጫዋች የጓደኛውን ስክሪን እያየ «በስተቀኝህ ነው፣ ተኩስ፣ አይ አሁን አይደለም» ሲል የሚያየውና ተጫዋቹ የሚያየው እኩል ጊዜ ላይ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም እንኳ ሁለት አእምሮ አንድ ጣት ማዘዝ አይችልም። በቡድናችሁ ውስጥ አንድ ሕግ ብቻ ማውጣት ብትችሉ፣ የሞተ ሰው ስለ ጠላት ቦታ ካልሆነ በቀር አይናገርም የሚለውን አውጡ።

ወደ ሎቢ እንደተመለሱ ያለው ጊዜም አይመችም። ራንክ፣ ማለትም የተጫዋቹ ደረጃ፣ ቀንሷል፣ ግማሽ ሰዓት ባክኗል፣ ሁሉም ጥፋተኛ እየፈለገ ነው። የሚሻለው በማግስቱ፣ ለብቻው፣ ከተቻለም በአካል ተገናኝቶ ማኪያቶ እየጠጡ ነው። በአካል ካልተቻለ ከጽሑፍ የድምፅ መልእክት ይሻላል፤ «ትናንት ለምን ተመለስክ?» የሚለው ጽሑፍ በምን ድምፅ እንደሚነበብ አታውቁትም፤ በንዴቱ ድምፅ እንደሚያነብበው ግን መገመት ይቻላል።

የሚነገረውን መምረጥ

አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ያም በቃል የሚስተካከል ይሁን። «አነጣጥረህ ተኩስ» ምክር አይደለም፤ ማንም ሰው ሳያነጣጥር መተኮስ ፈልጎ አያውቅም። አተኳኮስ የሚሻሻለው በትሬኒንግ ግራውንድ (በመለማመጃ ሜዳ)፣ ወይም ቀድሞ 40 የገደለው ቡድን በሚያሸንፍበት፣ ቲዲኤም በሚባለው የአራት ለአራት ፍልሚያ ላይ ደጋግሞ በመጫወት ነው። በቃል የሚስተካከለው ቦታ አያያዝ ነው፦ ሲታከም ከዛፍ ጀርባ መሆን፣ ሜዳ በመኪና መሻገር፣ ዞን ሲዘጋ ከቡድኑ አለመራቅ።

ከዚያም እናንተ ከምትናገሩ እርሱ ቢያየው ይሻላል። አንድ ተጫዋች ሲሞት የገደለው ሰው እንዴት እንዳየው የሚያሳየውን የሞት ሪፕሌይ ከፍቶ፣ በስልኩ ስክሪን ሪከርደር እንዲቀዳው ጠይቁትና በማግስቱ አብራችሁ እዩት። እኛ እንዲህ ስናደርግ ጓደኛችን ራሱን በጠላቱ መነጽር ውስጥ አየው፤ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ጥይት እየመረጠ፣ ለአራት ሰከንድ ያህል ንቅንቅ ሳይል። ንግግራችን በአጭሩ እንዲህ ነበር፦

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ።»

«ለጠላት የምታየው እንዲህ ነው?»

«እኔም የራሴን ሳየው እንዲሁ ነው ያልኩት።»

ሌላ ምንም አልጨመርኩም። በልቤ ግን ብዙ ልጨምር አስቤ ነበር፤ ስለ ሽፋን፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ፖቺንኪ። ያን ቀን ብጨምር ኖሮ ውይይቱ ከሪፕሌዩ ወደ እኔ ይዞር ነበር።

መናገር ግድ ከሆነ ከትእዛዝ ይልቅ ጥያቄ ይቀላል። «ለምን ትመለሳለህ?» የሚለው መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነው፤ መልሱም «አቦ ተወኝ» ይሆናል። «ዞኑ ሲዘጋ የት ብንሆን ይመችሃል?» ሲባል ግን ሰውየው ማሰብ አለበት፤ አስቦ የሰጠውንም መልስ በሚቀጥለው ጨዋታ ሊክደው ይከብደዋል።

የዕድሜ ነገር መታሰብ አለበት። ከቡድናችን አንዱ ከእኛ ብዙ ይበልጣል፤ ጨዋታ ውስጥም ቢሆን ጋሼ ብለን አንቱ ነው የምንለው። «ውረድ!» ለማለት የሚፈጀውና «ጋሼ፣ ይውረዱ እንጂ!» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ እኩል ስላልሆነ ሁለት ጊዜ በአክብሮታችን ምክንያት ተመተዋል። ራሳቸው ናቸው በመጨረሻ «ተኩስ ላይ አንተ በሉኝ፣ ሎቢ ላይ አንቱ ትሉኛላችሁ» ብለው የፈረዱት። ታላቅን በታናናሾቹ ፊት ማረም ግን በማንኛውም አጠራር ቢሆን አይሠራም፤ የሚነገር ካለ ከእርሳቸው ጋር በዕድሜ የሚቀራረበው ሰው ለብቻቸው ይንገራቸው።

ምክርን ወደ ስምምነት መለወጥ

አንድ ሰው ለአንድ ሰው የሚሰጠው ምክር የበላይና የበታች ይፈጥራል። ሁሉም የተስማማበት ደንብ ግን ለሁሉም ስለሆነ ማንንም አያሳንስም። ስለዚህ ከመዝገባችሁ ውስጥ በብዛት የሚደጋገሙትን ጥፋቶች፣ የእናንተንም ጨምሮ፣ ወስዳችሁ ከሦስት ያልበለጡ ደንቦች አውጡ፤ በግሩፑ ላይም ፒን አድርጓቸው። የእኛዎቹ እነዚህ ናቸው፦ መውረጃ ቦታን የሚመርጠው በዚያ ጨዋታ ተራው የደረሰው ሰው ነው፤ ዞኑ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ማንም ሳይጠይቅ ብቻውን ወደ ኋላ አይመለስም፤ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው የተኳሹን አቅጣጫ ነው።

ሁለተኛው ደንብ ላይ «ሳይጠይቅ» የሚለው ቃል የገባው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። እኔ ጨርሶ መመለስ እንዲከለከል ፈልጌ ነበር፤ ጓደኛችን ግን አንዳንዴ መመለስ እንደሚያዋጣ ተከራከረና ትክክል ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ዞኑ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ እየገፋ ሲሄድ ነው በሰከንዶች ውስጥ የሚገድለው። ባንዴጅና መጠጥ የያዘ ሰው በመጀመሪያው ዙር ጥቂት ቆይቶ ቢመጣ ብዙ አይጎዳም። ደንቡን ሲያረቅቅ የተሳተፈ ሰው ደግሞ ደንቡን ራሱ ሲያስከብር ታገኙታላችሁ።

የማንሣት ወሰን

ይህ እርምጃ በእኛ ቡድን ከምክሩ ሁሉ በላይ ስለሠራ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ። የወደቀ ተጫዋች ጤናው እየፈሰሰ ይሄዳል፤ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ደጋግሞ ሲወድቅ ደግሞ ይበልጥ በፍጥነት ይፈስሳል። እርሱን ለማንሣት 10 ሰከንድ ያህል ያስፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንሺውም ተነሺውም አይንቀሳቀሱም። ከተነሣም በኋላ ጤናው በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ፈርስት ኤይድ መጠቀም አለበት፤ ያም ጤናውን እስከ 75 ብቻ ነው የሚመልሰውና ለሰከንዶች እጁን ያስረዋል። ይህ ሁሉ ሲደመር አንድን ሰው ለማንሣት ቡድኑ መጀመሪያ 10 ሰከንድ ያህል በሁለት ሰው፣ ከዚያም ለተጨማሪ ሰከንዶች በሦስት ሰው ብቻ ይቆማል ማለት ነው። ፖቺንኪ ላይ የሞትነውም በዚህ ስሌት ነው እንጂ በኤይት ኤክሱ አይደለም፤ ተኳሹ የት እንደሆነ ሳናውቅ ተራ በተራ ሄድንለት።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። የተኳሹ ቦታ ሳይታወቅ ማንም ለማንሣት አይሄድም። ጭስ ሳይጣል አይነሣም፤ ጭሱ የሚጣለውም በወደቀው ሰው ላይ ሳይሆን በእርሱና በተኳሹ መካከል ነው፤ በራሱ ላይ ከተጣለ ጠላት ወደ ጭሱ መሐል ዝም ብሎ ይተኩሳል። ሳይጠይቅ ተለይቶ ሄዶ የወደቀ ሰው ደግሞ «ኑልኝ» ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ ከተመቸን እንመጣለን፣ ካልተመቸን አንመጣም፣ በኋላም በዚህ ማንም አይወቀስም።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጭካኔ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ አስቀድሞ በሰላሙ ጊዜ ስለተነገረ ግን ማንም አልተቀየመም። ባለ ኤይት ኤክሱ ጓደኛችን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተለይቶ ወደቀ፤ ሁለቱንም ጊዜ ትተነው ሄድን፤ አንዱን ጨዋታ ሦስታችን እስከ ሁለተኛ ደረጃ ደረስን። እርሱ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ተመልካች ሆኖ ተቀምጦ ጨዋታችንን አየ። ከዚያ ቀን በኋላ ከማናችንም ምክር ሳይሰማ «ልመለስ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

ሚናን መቀየር፣ ካስፈለገም መሪነቱን መስጠት

ሁሉም ሰው ፊት ለፊት ገብቶ መተኮስ አይችልም፤ ሁሉም ግን ያንን ነው የሚፈልገው። የማይሰማውን ጓደኛችሁን «አንተ ከኋላ ሁን» ብትሉት የተገፋ ይመስለዋል። ሦስት ጭስና ሦስት ቦምብ ይዞ የቡድኑን ጭስ ጣይ እንዲሆን ብትሰጡት ግን የእርሱ ብቻ የሆነ ሥራ አለው፤ ሥራውም ከእናንተ አጠገብ እንዲሆን ያስገድደዋል። ሹፌርነትን ግን አትስጡት። እኔ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ በኤራንጌል ካርታ ላይ ሚሊተሪ ቤዝ ወደሚባለው የጦር ሰፈር በሚወስደው ድልድይ ላይ የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ እየነገርነው ቀጥ ብሎ ገባ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አልሰማ ካለ፣ ለሦስት ጨዋታ ያህል እርሱ መሪ ይሁን። ከልባችሁ ታዘዙት፤ የሚወርድበት ውረዱ፣ ሂዱ ያለበት ሂዱ፣ ስሕተቱን ለማሳየት ብላችሁ አትለግሙ። ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ሦስት ሰዎችን ይዞ መምራት ምን ማለት እንደሆነ ያየዋል፣ ወይ ደግሞ ያላሰባችሁትን አካሄድ ያሳያችኋል። የእኛው ጓደኛ መሪ በነበረበት ምሽት ሳንሆክ በሚባለው ካርታ ላይ በወንዝ በጀልባ ዞሮ ከኋላ የሚገባበትን መንገድ አሳየን፤ እስከ ዛሬ እንጠቀምበታለን። ሦስተኛውን ጨዋታ ግን ራሱ «አንተ ምራ፣ ደከመኝ» አለኝ።

ራንክን ከጨዋታ መለየት

አንዳንዱ ሰው ከዚህ ሁሉ በኋላም አይለወጥም። ምክንያቱ ክፋት ላይሆን ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ አለቃ ሲያዝዘው ውሎ ማታ በስልኩ ላይ ሌላ አዛዥ የማይፈልግ ሰው አለ፤ እርሱ የመጣው ሊስቅ ነው። ክራውንና ኤስ የሚባሉት ከፍተኛ ደረጃዎች ላይ መድረስ የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ። ሁለቱም ፍላጎት ልክ ነው፤ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ግን አይገናኙም።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ቀኑን መክፈል ነው። ራንክ የሚጫወቱበትን ምሽት ለይታችሁ አራተኛ ሰው ፈልጉ፤ ለመዝናናት የምትጫወቱበትን ምሽት ደግሞ ከእርሱ ጋር አድርጉ። ይህንንም ራሳችሁ ንገሩት፤ ኦንላይን መሆናችሁን ከጓደኞች ዝርዝር ላይ አይቶ፣ ያለ እርሱ ጨዋታ ውስጥ እንደገባችሁ ከስክሪን ማወቁ ከሁሉም ይከፋል። የምትሉት አጭር ይሁን፦ «ማክሰኞና ዓርብ ራንክ ልንገፋ ስለሆነ ሌላ ልጅ አስገብተናል፤ ሐሙስ ግን እንደ ድሮው ነን።» ምክንያት አትዘርዝሩ፤ መዝገቡንም አታውጡ። ከተቆጣ ይቆጣ፤ ሐሙስ ሲደርስ ጥሪውን ላኩለት። ካልመጣ በሚቀጥለው ሐሙስ ድጋሚ ላኩለት።

የማታውቁት ሰው ራንደም ሆኖ ሲገባ ግን ከዚህ ውስጥ አብዛኛው አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት አብሯችሁ ቆይቶ ለሚለያያችሁ ሰው ምክር መስጠት በከንቱ መድከም ነው። ካርታው ላይ ምልክት አድርጉ፣ የተዘጋጁትን ፈጣን መልእክቶች ተጠቀሙ፣ ከተሳደበ ድምፁን ዝጉ፤ ሪፖርት የሚደረገው ደግሞ ሆን ብሎ ጓደኞቹን የሚጎዳ ሰው ነው እንጂ ደካማ ተጫዋች አይደለም።

ተመልሶ መግባት የፈለገን ሰው ስለመቀበል

ተለይቶ የቆየ ጓደኛ ከወራት በኋላ «ራንክ ልግባ?» ካለ፣ ስላለፈው ሳታነሡ በዚያው በፒን የተለጠፈው ደንብ ለጥቂት ጨዋታዎች አስገቡት። ፈተና መሆኑን አትንገሩት፤ መሆን ካለበትም ለእናንተም ፈተና ይሁን፣ ስንት ጊዜ አፋችሁን መያዝ እንደቻላችሁ ቁጠሩ።

የእኛው ጓደኛ የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት እንደ ዕድል ሆኖ ፖቺንኪ ወረድን። ልንወጣ ስንል ማይኩን ከፍቶ «ሳጥን አለ፣ ስንት ሰከንድ አለኝ?» ብሎ ጠየቀ። 40 ሰከንድ እንዳለው ነገርነው፤ አንዳችን መስኮቱን ያዝንለት፤ ሮጦ ይዞ መጣ። አተኳኮሱ እንደ ድሮው ነው።